የመናኙ መለወጫ ቤት

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርሁም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርሁም። ለእርሳቸው የደበቅሁት ስግደቱን ፈርቼ አይደለም። «አባ፣ የሸርጣን ቤት ሰርቄያለሁ» ብል፣ መጀመሪያ ጠበል ይልኩኛል ብዬ ነው። እናንተ ግን ስሙኝ።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባጃጅ ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ ከሽንዲ መጥቼ በታይፕ ጸሐፊነት ተቀጠርሁና እትዬ የሺ ግቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ። እትዬ የሺ ባላቸው የሞተባቸው፣ አንድ ልጃቸው በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና የሚነዳ እናት ነበሩ። ልጃቸው አንድ ቀን አሸዋ በሞላ ሳፋ ሸርጣን ይዞላቸው መጣ። ይህ ዓይነቱ ሸርጣን የራሱ ቤት የለውም፤ ሌላ ፍጥረት ጥሎት የሄደውን ዛጎል ተሸክሞ ይኖራል፤ ሲያድግ ደግሞ ሰፋ ወዳለ ዛጎል ይዛወራል። ልጁ መለወጫውንም አብሮ አምጥቶ ነበር፤ ቡናማ መስመር ያለበት ሮዝ ዛጎል። «አሸዋው ውስጥ ከተቀበረ ቆዳውን ሊጥል ነውና አትንኩት» ብሎ ሄደ።

ዐቢይ ጾም እንደገባ ሸርጣኑ ተቀበረ። እትዬ የሺም በግቢው ያገኙትን ሁሉ ይቆጡ ጀመር፦ «ቀስ ብላችሁ እለፉ እንጅ! ሱባዔ ገብቶ የለምን?» ከዚያ ወዲያ ስሙ መናኙ ሆነ። ሬዲዮ ተቀነሰ፤ በርበሬ ወቃጮች ሙቀጫቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ዞሩ። እኔም በእግሬ ጣት መራመድ ጀመርሁ። ዓይኔ ግን ከሳፋው ጎን የተቀመጠው ባዶ ዛጎል ላይ ነበር።

ትርንጎ ነበረቻ! ትርንጎ ገበያው አጠገብ ጨርቅ ትሸጣለች፤ አንድ የማንኩሳ ነጋዴ የወርቅ ሐብል ሊያስርላት ነው ተባለ። እኔ ምን ነበረኝ? ፍሬን የሌለው ብስክሌት። ስለዚህ ሰረቅሁ። እኔ፣ ጾመኛው እኔ፣ ሱባዔ የገባ ፍጥረት ቤት ሰረቅሁ። በቆዳ ክር አሰርሁትና «ከባሕር ያስመጣሁልሽ ነው» አልኋት። አንገቷ ላይ አድርጋው ሳቀች፤ ነጋዴውም ከነወርቁ ተረሳ።

ዛጎሉ ሲጠፋ ከእትዬ የሺ ጋር ማን ፈለገ? እኔ። አልጋ ሥር የተንፏቀቅሁት እኔ፤ «አይጥ ወስዶት ይሆናል፣ እትዬ» ያልሁትም እኔ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እዚህ ግን ጅቡ ራሱ አብሮ ይጮህ ነበር። እርሳቸው አምነውኝ ድመት ተዋሱ። ድመቷ አይጡን ትታ ሳፋውን ትጠብቃለች፤ እትዬ የሺ ደግሞ ዱላ ይዘው ድመቷን ይጠብቃሉ።

ከትንሣኤ በኋላ መናኙ አዲስ ቆዳ ለብሶ፣ ወፍሮ ወጣ። አሮጌው ዛጎል አልበቃውም። መለወጫው የነበረበትን ቦታ ሲዳብስ አየሁት። እትዬ የሺ ያላቀረቡለት ነገር የለም፤ የሽቶ ክዳን፣ ሲኒ፣ የልጃቸው የሕፃንነት ኩባያ። እኔም ከወንዝ ዳር የቀንድ አውጣ ቤት ለቅሜ ባመጣ «ተባረክ፣ የኔ ልጅ፤ እንዳንተ ያለ ሰው የት ይገኛል!» ብለው መረቁኝ። እሱ ሁሉንም ንቆ ትንሽ የጨው ቅል ውስጥ ገባ። ቅሉን ሲሚንቶው ላይ ሲጎትት ቋ፣ ቋ ይላል፤ ክፍሌ ድረስ ይሰማኛል። እስቅና ወዲያው ገበታዬን ትቼ እነሳለሁ።

ክረምት ላይ ሞተ። «ልጄ የሰጠኝን አደራ ቤት አሳጥቼ ገደልሁት» ብለው አለቀሱ። ያኔ መናገር አልነበረብኝም? አልተናገርሁም። ሠርጌ ቀርቦ ነበር።

በሠርጉ ቀን ትርንጎ ያንኑ ዛጎል አድርጋ ተቀመጠች። እትዬ የሺ ሊመርቁ ቀረቡና ዛጎሉን በጣታቸው ያዙ፤ ገልብጠው መስመሩን ዳበሱ። አሸዋ ባገኝ በተቀበርሁ! «አምሮብሻል፣ የኔ ልጅ» አሏት። ወደ እኔ ዞረው ግንባሬን ሳሙኝ።

«ቤታችሁ አይጥበባችሁ» አሉ።

ስለ ዛጎሉ ሌላ ቃል እስከ ዕለተ ሞታቸው አልወጣቸውም። ጥፋቱ የእርሳቸው እንዳልነበረ ያወቁት ከእኔ አንደበት ሳይሆን ከሚስቴ አንገት ነው። መናኙን የጎጃም ብርድ ገደለው ብል ማን ይከራከረኛል? አልልም። ቤቱን የሰረቅሁት እኔ ነኝ።

ዛጎሉ ዛሬም ቤታችን አለ። ልጆቼ ጆሯቸው ላይ አድርገው «ባሕሩ ይሰማል!» ይላሉ። «አባባ፣ አንተስ?» ሲሉኝ አዎ እላለሁ። ይህም ውሸት ነው፤ እኔ የምሰማው ቅል ሲጎተት ነው።