አውራ ጣቴና የወንድሜ መኪና

ዛሬ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ጋራዥ በር ሳልፍ የቤንዚንና የተቃጠለ ዘይት ሽታ መጣብኝ፤ አውራ ጣቴን ሳላስበው ጨበጥኩት።

በደርግ ጊዜ አባቴ ደብረ ታቦር ውስጥ ሜካኒክ ነበሩ። ታላቅ ወንድሜ የሚነዳው የጭነት መኪና ለዘመቻ ሲታዘዝ፣ የጉና ዳገት ላይ እንዳይለግምበት ብለው ጉልበት የሚጨምር ካምሻፍት አስመጡለት። ካምሻፍት ቫልቮቹን በሰዓታቸው የሚከፍት ዘንግ ነው። የአዲሱ ጥርስ ግን የት እንደሚገጥም የሚያሳይ ምልክት አልነበረውም። ስለዚህ አባባ ቤንዚኑን ከሚለኩሱት ካንዴላዎች አንዱን ፈትተው ቀዳዳውን በአውራ ጣቴ አስደፈኑኝ።

«እኔ ሞተሩን ቀስ እያልኩ አዞራለሁ። አየሩ ጣትሽን ሲገፋው ንገሪኝ። አንዲት ጥርስ ከሳትን ቫልቭና ፒስተን ይላተማሉ።»

ወንድሜ ጎማው ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያስራል። ብረቱ እንደ ውርጭ ይቀዘቅዛል። ድንገት አየሩ እንደ ጥጃ አፍንጫ ጣቴን ገፋ አደረገው።

«ገፋኝ፣ አባባ!»

ጥርሱን አገጣጠሙ። እንደ ልማዳቸው ሞተሩን ሁለት ዙር በእጃቸው አዙረው፣ አማትበው፣ ወንድሜን «አስነሣው» አሉት። ባንድ ጊዜ ተነሣ።

«ጣትሽ አይዋሽም» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

ወንድሜ እጁን በመስኮት እያወዛወዘ ሄደ። መኪናው ዳገቱን ሳይለግም ወጣ፤ ድምፁ እስኪጠፋ አባባና እኔ ቆመን ሰማነው። የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

ያን ጠዋት «ገፋኝ» ሳልል ዝም ብል ኖሮ፣ ወንድሜ ቢያንስ አንድ ቀን ቤቱ ያድር ነበር።