ነጠላ ስንት ነጥብ ይጎዳል

ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ካርቱም ውስጥ ደንብ የሚከበርበት አንድ ቦታ ነበር፤ እሱም ዴም ሰፈር ያለችው የኔ ኪራይ ክፍል፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ። ሌላው ከተማ እንደ ሰውየው ነው። ዳቦ ሰልፍ ላይ የባለ ዳቦ ቤቱ ዘመድ ይቀድምሃል። ፖሊሱ መታወቂያህን አገላብጦ አይቶ፣ አባትህ ሱዳናዊ መሆኑ እዚያው ተጽፎ እያለ፣ «እናትህ ሐበሻ ናት እንዴ?» ይልሃል። እኔ ክፍል ግን የማንም ልጅ ብትሆን የጨዋታችን ዳይስ ሦስት ካለች ሦስት ነው።

ጨዋታችን እንዲህ ነው። አንዱ ታሪክ ይመራል፣ ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ አንድ አንድ ሰው ሆነው ይኖራሉ፣ ጠብ ሲነሳ ሃያ ጎን ያላት ዳይስ ትፈርዳለች። ደንቡን ከስልክ ላይ እያነበብኩ ወደ ደብተር የገለበጥኩት እኔ ስለሆንኩ መሪው እኔ ነበርኩ። ዓመት ፈጅቶብኛል። በዚያ ደብተር እኮራበት የነበረውን ያህል አንዳንድ ሰው በልጁ አይኮራም።

ተጫዋቾቹ ሦስት ናቸው። አንዱ እንደኔ ከሐበሻ እናት የተወለደው አብሮ አደጌ ነው፤ ራክሻ፣ ማለት ባጃጅ፣ ይነዳል፤ በጨዋታው ደግሞ ወታደር ነው። ሁለተኛው ምህንድስና የሚማር ጎረቤቴ፣ ጠንቋይ። ሦስተኛዋ ሁላችንም ኻልቶ የምንላት አክስቴ ነች፣ የእናቴ ታናሽ እህት። ከወሎ መጥታ ካፉሪ በሚባል የሀብታም ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ትሠራለች፤ የምትወጣው ዓርብ ብቻ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከእሷ ወገን የቀረችኝ ኻልቶ ብቻ ስለነበረች ዓርቧን ለኔ ትሰጠኝ ነበር። እኔ ደግሞ ጨዋታውንም እሷንም መተው ስላልፈለግኩ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት።

ወታደር ሁኚ ብላት፣ «ሳምንቱን ሙሉ ሦስት ፎቅ ስወጣ ስወርድ ከርሜ ደግሞ ሰይፍ ልሸከም?» አለች። ሦስት በቅሎ ያላት ነጋዴ ሆነች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንቤ እረፍት አጣ።

«ይሄ ሽፍታ ለምንድን ነው ቆሞ የሚጠብቀን?»

«ተራው አልደረሰማ፣ ኻልቶ።»

«ሽፍታ ተራ ይጠብቃል? ወላሂ ከዳቦ ሰልፈኛ ይሻላል። ለምን እንገድለዋለን?»

ሌላ ቀን ደግሞ፣ አሥር ጊዜ በሰይፍ የተመታ ሰው አንድ የነፍስ ነጥብ ስለቀረው እንደ ጤነኛ ይሮጣል ስላት፣ «እኔ የእግሬን ጣት ደረጃ መትቶኝ ሦስት ቀን አንክሻለሁ» አለችኝ። ጠንቋዩ «ኻልቶ ሐቅ አላት» እያለ ቤንዚን ያርከፈክፋል። እኔ ደንብ ካልተከበረማ ሉዶ እንጫወት ብዬ እቆጣለሁ።

ያ ዓርብ መጣ። ታሪኩ ወንዝ መሻገሪያ ላይ ደርሷል። ወታደሩና የሽፍቶቹ አለቃ ተናንቀዋል። የኻልቶ ተራ ደረሰ።

«ነጠላዬን መሃላቸው እጥላለሁ» አለች። አልቀለደችም፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፣ ዳይሷም ብስኩቱም ከሥር ቀሩ። በእሷ አገር ሴት ነጠላዋን ከጣለች የተጣሉ ወንዶች ይቆማሉ። ረግጦ የሚያልፍ ሰው የለም።

ደብተሬን አገላበጥኩ። የጦር ጉዳት አለ፣ የድንጋይ አለ፣ የተወረወረ ወንበር ሳይቀር አለ። «ነጠላ ጉዳቱ ዜሮ ነው» አልኩ። «ተራሽ አለቀ።»

«ጉዳት እንዳይደርስ ነው እኮ የጣልኩት።»

«እሱን የሚል ደንብ የለም።»

ቀጥሎ የሽፍቶቹ አለቃ ተራ ነበር፤ ለእሱ የምጥለው እኔ ነኝ። እሷ መሃል ገብታለች፣ የቀራት አራት ነጥብ ነው፣ ዳይሷን ከነጠላው ሥር አውጥቼ ብጥል አሥራ ስምንት አለች። «ሞተሻል» አልኳት፣ ፍርዴ ባለመዛነፉ ውስጥ ውስጡን ደስ እያለኝ።

«ነጠላ ረግጦ?» አለች። ነጠላዋን አጥፋ ተነሳች። ራክሻ ነጂው እስከ ሚኒባሱ ሸኝቷት ተመለሰ።

በሚቀጥለው ዓርብ ቀረች። ስደውል «ማዳም እንግዳ አለባት» አለች። በሌላውም ዓርብ እንግዳ ነበረ። በሦስተኛው ስልኩን አላነሳችም። ያኔ ፈራሁ። አክስቴን ለአንዲት ዳይስ ብዬ እንዳጣኋት ገባኝ።

ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ደንብ ጻፍኩ። ገጽ ተኩል። ነጠላ የጣለች ሴት ዳይስ ትጥላለች፤ ከአሥራ ሁለት በላይ ከመጣ ሁሉም ያቆማል፤ ዕድሜዋ ከአርባ ካለፈ ሁለት ይጨመርላታል፤ ነጠላው አዲስ ከሆነ አንድ። ጠንቋዩ እንደሰማ ሦስት ነጠላ ደራርቦ መልበስ ይፈቀድልኝ ብሎ አመለከተ።

ደብተሬን ይዤ ካፉሪ ሄድኩ። ኻልቶ እጇ ሳሙና እንደያዘ በሩ ላይ ወጣች። ከዓረብኛው እየተረጎምኩ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ከአሥራ ሁለት በታች ከመጣስ?»

«ጠቡ ይቀጥላል። ሁልጊዜ የሚሠራ ነገር ጨዋታ ያበላሻል፣ ኻልቶ።»

«ከአሥራ ሁለት በታች መጥቶብኝ ያውቃል» አለች።

የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ታላቅ ወንድሟና አንድ ጎረቤት በወሰን ተጣልተው ዱላ ይዘው ተነሱ። ሮጣ ነጠላዋን መሃላቸው ጣለች። ወንድሟ ቆመ። ያኛው ረግጦት አለፈና መታው። እናቴ ግን ይህ አጎቴ በበሽታ ሞተ ስትለኝ ነው ያደግኩት።

«ነጠላዬ ጠርዙ ላይ የጫማው ጭቃ ነበር» አለች። «አጥቤ አጥቤ አለቀ። አንተ ግን ይሄ የውሸት አገር ነው አልከኝ፤ እዚህ ደንብ ይከበራል አልከኝ። በውሸቱ አገር እንኳ ይረግጡታል?»

አፈርኩ። ሳምንቱን ሙሉ እያንዳንዱ ሰው እንደፈለገው በሚያደርገው ከተማ ውስጥ አንዲት ደንብ የምትከበርበት ክፍል ብዬ የኮራሁ ሰው፣ እሷም ያንኑ ፈልጋ ሚኒባስ ለዋውጣ እንደምትመጣ አልታየኝም። ገጽ ተኩሉን እዚያው ቀድጄ በንጹሕ ገጽ ላይ «ነጠላ ከተጣለ ሁሉም ያቆማል፤ ዳይስ የለም» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ ማዳም ተጣራችና ገባች።

ዓርብ መጣች። ታሪኩን ወደ ወንዙ መሻገሪያ መለስኩት፤ ማንም አልሞተም አልኩ። ወታደሩ «ያለ ዳይስ?» ብሎ አጉረመረመና ፊቴን አይቶ ተወው። «ተራሽ ነው፣ ኻልቶ» አልኳት።

ነጠላዋን ዘረጋች። እኔ የሽፍቶቹ አለቃ ነበርኩ፤ ሰይፌን አወረድኩ። ከሰዓቱ ሙሉ በሽምግልና አለቀ፣ ጠንቋዩ ሽማግሌ ሆኖ አደረቀን፣ እርቁ በአንድ በቅሎ ተቋጨ። እንዲህ ያለ አሰልቺ ጨዋታ መርቼ አላውቅም፤ ማንም ግን ልሂድ አላለም።

ሊመሽ ሲል ኻልቶ ተነሳች። ነጠላዋን ከመልበሷ በፊት ጠርዙን ዙሪያውን ገልብጣ አየችው። የብስኩት ፍርፋሪ ብቻ ነበር። አራግፋ ለበሰችው።