ወዳችሁ ፈቅዳችሁ ነው?

ሁለት ሥራ ያደከመው ሰው አፉን ባይከፍት ይሻለዋል። እኔ ከፈትኩ።

ቅዳሜ ራይድ ስሠራ አንዲት ቻይናዊት መምህርት አርሊንግተን ከተማ፣ የምታስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ድረስ አደረስኩ። የምታጠናው ስለ ድሮ መርከቦች ነው። የዛሬ መቶ ስድሳ፣ መቶ ሰባ ዓመት ገደማ ቻይናውያን ከሆንግ ኮንግ ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ሲሳፈሩ፣ በእንግሊዞች ሕግ አንድ ሹም መርከቡ ላይ ይወጣ ነበር አለችኝ። "ወዳችሁ ፈቅዳችሁ ነው የምትሄዱት?" ብሎ ሳይጠይቅ መርከቡ አይነሳም። እምቢ ያለ ይወርዳል።

ሰኞ ጠዋት እንደ ልማዴ ከሰፈራችን ከቪከሪ ሜዶ የዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን፣ ሠራተኞችን በቫን ጫንኩ። ሰባት ሐበሻ፣ ሰባቱም የሚያንቀላፉ። ባለቤቴ ፀሐይም እዚያው ስለምትሠራ ከኋላ ተቀምጣለች። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሞተር ሳላስነሳ ዞሬ ያንን ጥያቄ ጠየቅኳቸው።

"ሌት ልታደርገን ነው፣ ሰዓት አለፈ፤ ንዳው ባክህ" አለኝ አንዱ።

"መጀመሪያ መልሱ። ሕግ ነው።"

"ኦኬ፣ ፈቅደናል" አለ ሌላው፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። የቀሩትም አንድ በአንድ አጉረመረሙ። ፀሐይ ብቻ ቀረች።

"አንቺስ?" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

"ዲቪ ስትሞላልኝ እንዲህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?" አለችኝ፣ ቆጣ እንኳ ሳትል። ምሳ ዕቃዋን አነሳች፣ በሩን ከፈተች፣ ወረደች።