አባቴ ቀዳዳው ላይ የቆመበት ቅዳሜ

አባቴ ጌታን ከተቀበለ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በውሃ ግን ሳይጠመቅ ቆየ። ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ሁለቱንም ጊዜ ቀርቷል። በመጀመሪያው ትኩሳት ያዘኝ አለ፣ በሁለተኛው እንግዳ መጣብኝ አለ። ትኩሳቱም እንግዳውም እውነት ነበሩ፤ ግን ምክንያቱ እነሱ እንዳልነበሩ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቅ ነበር። ልጅ ሳለ የክረምት ወንዝ ታላቅ ወንድሙን ዓይኑ እያየ ወስዶበታል። ከዚያ ወዲህ ከጉልበቱ በላይ ውሃ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ጊምቢቹ አጠገብ ባለው መንደራችን ደግሞ የሚያጠምቁት ወንዝ ውስጥ ነው።

ዘንድሮ ራሱ ደወለልኝ።

«የናንተ ቤተ ክርስቲያን የሚያጠምቀው በግንብ ውስጥ ነው አሉ» አለኝ።

«አዎ፣ ገንዳ አለን።»

«ውሃው አይሄድም?»

«የት ይሄዳል አባዬ? የቆመ ውሃ ነው።»

«እንግዲያው እዚያ መዝግቢኝ» አለና ስልኩን ዘጋው። ሐሳቡን እንዳይለውጥ ብዬ በማግስቱ አስመዘገብኩት።

ገንዳው ሆሳዕና በሚገኘው ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ነው። ሲሚንቶው ስለተሰነጠቀ ሽማግሌዎቹ ለመዋኛ ገንዳ የሚሆን ወፍራም ሰማያዊ ፕላስቲክ ከአዲስ አበባ አስመጥተው ከውስጥ አለበሱት። ቧንቧችን የሚመጣው ሲፈልግ ስለሆነ ውሃው በቦቴ ይመጣል። በዚያ ሳምንትም ዓርብ ዕለት ተሞላ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢውን ለማጽዳት ስሄድ አባቴ «ልየው» ብሎ ተከተለኝ። እኔ ሁልጊዜ ፈሪ ነኝ። ልጆቼ ሲያስነጥሱ እንኳ እንቅልፍ አይወስደኝም። ለአባቴም ሹራብ፣ ጋቢና በፔርሙዝ የዝንጅብል ሻይ ይዤለት ነበር፤ ገንዳ ሊያይ ብቻ እየሄደ።

ስንደርስ ወንጌላዊውን ከገንዳው አፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ አገኘነው። የተጠማቂዎችን ልብስ የምታጥበው እህት ደግሞ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ውሃው ከትናንቱ መስመር ዝቅ ብሏል። ለአረጋውያን መደገፊያ ብለው ውሃው ውስጥ ያስገቡት የብረት ወንበር ፕላስቲኩን ወግቶታል።

«ሌላ ቦቴ እስከ ነገ አይገኝም» አለ ወንጌላዊው። «እንዲሁ ከቀጠለ ጠዋት ቁርጭምጭሚት ድረስ ነው የሚቀረው። ማስተላለፍ ይሻላል መሰለኝ።»

ሰው ሁሉ ውሃውን ያያል፣ እኔ የማየው የአባቴን ፊት ነበር። ነገ ካልሆነ መንደሩ ይመለሳል። ከተመለሰ ደግሞ አራተኛ ጊዜ ተመዝገብ የሚለው ሰው አይኖርም፤ እኔም አልደፍርም። ዕድሜውም ገፍቷል።

አባቴ ወደ ገንዳው ጠጋ ብሎ አየ።

«ሄደ እኮ» አለኝ በሀዲይኛ። «የቆመ ውሃ ነው አላልሽም?»



ወንበሩን በገመድ ስበው አወጡት። አራት እግር አለው፣ የትኛው እንደወጋው ግን ከላይ አይታይም። ልብስ አጣቢዋ ከጎረቤት ጥቂት ወተት ለምና መጣች። ቀጭን የጎማ ቱቦ በረጅም እንጨት ላይ አስራ ጫፉን ወደ ታች አስገባችና ወተቱን ከላይ በቀስታ አፈሰሰች።

«ውሃው የሚሄድበትን ወተቱም ያውቀዋል» አለች።

በአንደኛው እግር ቦታ ወተቱ እንደ ጭስ ተበተነ። በሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ግን እንደ ፈትል ቀጠነና ወደ ታች ተሳበ። አባቴ አጎንብሶ ሲያይ ቆየ። የሚሄድን ውሃ እንዲህ አጥብቆ ሲያይ አይቼው አላውቅም።

ከፕላስቲኩ ጋር የመጣ ትርፍ ቁራጭና ማጣበቂያ ነበር። መመሪያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ ሥዕሉን ተከተልኩ። ቁራጩን ክብ አድርጌ ቆረጥኩት፤ ማዕዘን ያለው ነገር ጫፉ ቶሎ እንደሚነሳ ከልጆቼ ሱሪ መጣፍ አውቃለሁ። ማጣበቂያውን ቀብተን ለሁለት አጠፍነው፤ ውሃው እንዳያጥበው ቀዳዳው ላይ ሲደርስ ነው የሚዘረጋው። ወንጌላዊው ከዳር ሆኖ በእንጨት ሊያደርሰው ሞከረ፤ ግን ቁራጩ እየተንሳፈፈ ተመለሰ።

«ሰው መግባት አለበት» አለና ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

«አንተ ነገ ቀኑን ሙሉ እዚህ ውሃ ውስጥ የምትቆም ሰው ነህ» አለ አባቴ። «ዛሬ በርዶህ ነገ ብታስል ማን ያጠምቀናል? አምጣው።»

«አባዬ፣ ተው።»

«እኔ ከባድ ነኝ። ለድንጋይነት የምሆን ሰው ነኝ።»

ሱሪውን ሳይሰበስብ ደረጃውን ወረደ። ግድግዳውን በአንድ እጁ፣ የታጠፈውን ቁራጭ በሌላው ይዞ፣ እያንዳንዱን እርምጃ በእግሩ ጣት እየፈተነ ነበር የሚሄደው። ውሃው ጉልበቱን ሲያልፍ ቆመ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ግድግዳውን ለቀቀ። እኔ ከላይ ሆኜ ጋቢውን በሁለት እጄ ጨምቄ ይዤ ነበር፤ ማን እንደሚለብሰው እንኳ ረስቻለሁ።

ወገቡ ድረስ ገብቶ ቁራጩን በእግሩ ሊዘረጋ ሞከረ። እምቢ አለው። በእጅ ካልሆነ አይሆንም፣ በእጅ ለመድረስ ደግሞ ራስን መድፈቅ ነው።

«ይብቃዎት አባባ፣ እኔ ልግባ» አለ ወንጌላዊው።

አባቴ ግን በአንድ እጁ አፍንጫውን ያዘና ወደ ታች ሄደ። ነጭ ፀጉሩ ሰማያዊው ውሃ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ጮኽኩ ልበል? አልጮኽኩም። ልብስ አጣቢዋ ክንዴን ይዛኝ ነበር።

ሲወጣ አሳለው፣ ውሃ ተፋ፣ ፊቱን ጠረገ።

«ተዘርግቷል» አለ። «አሁን እቆምበታለሁ።»

«አባዬ ከንፈርህ ጠቁሯል፤ ውጣና ሻይ ጠጣ።»

«ሻዩን ወደዚህ አምጪ።»

ደረጃው ላይ ወርጄ አቀበልኩት። ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ የዝንጅብል ሻዩን እፍ እያለ ጠጣ፤ ቤቱ ደጃፍ ላይ እንደቆመ ሰው።

«ወንጌላዊ» አለ ብርጭቆውን ሲመልስልኝ፣ «የዛሬው እንደ ጥምቀት አይቆጠርም?»

«አይቆጠርም አባባ። የዛሬው ጥገና ነው።»

«ጠልቄ ወጥቻለሁ እኮ።»

«ጠልቀዋል። ግን ብቻዎን ጠልቀው ብቻዎን ነው የወጡት።»

ልብስ አጣቢዋ ሳቀች። «እንዲያውም እኔ ነጭ ልብሱን ገና አላለበስኳቸውም» አለች። አባቴም ሳቀ። ውሃ ውስጥ ቆሞ እየሳቀ ሳየው፣ ይህ ሰው እስከዛሬ ምን ያህል ነገር ለብቻው ይዞ እንደኖረ አሰብኩ፤ አንድም ቀን ለልጆቹ «እፈራለሁ» አላለንም። እኔ ፍርሃቴን ሁሉ አውርቼ ነው የማድረው። እሱ ግን ይዞት ገባ።

ማጣበቂያው እስኪይዝ ድረስ አልወጣም። በኋላ አሸዋ የሞላ ከረጢት በእሱ ቦታ አስቀመጥን። ልብስ አጣቢዋ ወተቷን እንደገና ሞከረች፤ ተበተነ እንጂ ወደ ታች አልተሳበም።

እሁድ ጠዋት ውሃው በቆመበት ነበር። ተጠማቂዎቹ ነጭ ለብሰው ተሰለፉ። ከአባቴ ፊት ከሆመቾ የመጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ተራቸው ሲደርስ ደረጃው ላይ ቆመው ቀሩ። የሚይዛቸው ልጃቸው ቢለምናቸውም እግራቸው አልነቃነቅ አለ። አባቴ ከኋላ ጠጋ አለና በሀዲይኛ አናገራቸው።

«እህቴ፣ ታቹ አይከዳም። እኔ ትናንት ቆሜበታለሁ።»

አሮጊቷ ዞር ብለው አዩት። «እውነትህን ነው?»

«ነይ፣ አሳይሻለሁ» አለና ቀድሟቸው ወረደ።