ለጥጃ የታጨደ ሳር

ኦይታ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። በአባያ ሐይቅ ዳር ሜዳ ላይ ዐሥራ አንድ ከብቶች፣ አንድ ጎጆና ከታጠፍኩ አልዘረጋም የሚል አንድ ጉልበት ነበረው። ሚስቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት አልፏል። ከዚያ ወዲህ የሚያወራው ከበሬው ከዳልቻ ጋር ነበር፤ ዳልቻም ንግግሩን አቋርጦበት አያውቅም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስምንት ዓ.ም. ግን መንግሥት ስለ ኦይታ ብቸኝነት ማሰብ ጀመረ። ጫማው ጭቃ ነክቶት የማያውቅ ጓድ አበጋዝ የሚባል ካድሬ ከላይኛው ከተማ ከሴቻ ወርዶ፣ ገበሬውን ዋርካ ሥር ሰበሰበና ተበታትኖ መኖር ኋላ ቀርነት መሆኑን ሦስት ሰዓት ሙሉ አስረዳ። ጎጆዎቹ ፈርሰው በአዲሱ መንደር በመስመር ይተከላሉ። በሬ እንኳ በመስመር የሚሄደው ሲጠመድ ብቻ መሆኑን ኦይታ ሊናገር አስቦ ነበር፤ ካድሬውን ያጀቡትን ጠባቂዎች ጠመንጃ ሲያይ ግን አጨበጨበ።

«ጥያቄ ያለው?» አለ አበጋዝ።

«ከብቶቻችንስ?» አለ ኦይታ።

«አባት፣ ባለትዳር ከቤቱ ጀርባ የበረት ቦታ ይሰጠዋል። ብቸኛ ወንዶች ሁለት ሁለት ሆነው አንድ ቤት ይካፈላሉ፤ ከብቶቻቸው ወደ ማኅበሩ በረት ይገባሉ።» መዝገቡን ገለጠ። «እርስዎ ከደበሌ ጋር ነዎት። ዝርዝሩ ቅዳሜ ይዘጋል።»

ደበሌ በደስታ ትከሻውን መታው። ደበሌ በእንቅልፉ እንኳ ስብሰባ ይመራል የሚባል ሰው ነበር፤ ሁለት ሚስቶቹ ስብሰባውን ረግጠው ወጥተዋል። እንግዲህ ለኦይታ የቀረቡለት ምርጫዎች ሁለት ነበሩ፦ ደበሌ ወይም ሚስት። ደበሌን ከመረጠ ዳልቻን ያጣል።

በልቡ የነበረችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም አታናግረውም። ልክነሽ ከጨንቻ የወረደች፣ ደጃፏ ላይ ጥጥ ስትፈትል የምትውል ባል የሞተባት ሴት ነበረች። ከአምስት ዓመት በፊት ዳልቻ የሽፈራው ዛፏን፣ ቅጠሉን እየቀነጠሰች ወጥ የምትሠራበትን፣ ገንድሶ በላባት። ያኔ ኦይታ ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ፣ «ይበቅላል» ብሏት ሄደ። ዛፉ በቀለ፤ ሰላምታዋ ግን አልበቀለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከብቶቹን ወደ ሐይቁ የሚነዳው በሷ ደጃፍ ዞሮ ነው። ረጅሙ መንገድ ለከብቶቹ ይስማማቸዋል ይል ነበር። ከብቶቹ አልተጠየቁም።

ዐርብ ጠዋት ታጥቦ ቡልኮውን ለበሰ። ባዶ እጁን መሄድ አፈረ። አጥንቷ የወጣ አንዲት ጥጃ እንዳለቻት ትዝ አለውና ከሐይቁ ዳር እርጥብ ሳር አጨደላት። ሲደርስ ልክነሽ ደጃፏ ላይ እንዝርቷን ይዛ ተቀምጣ ነበር። ጥጃዋ ከፊቷ ታስራለች። ኦይታ ከሷ ይልቅ ከጥጃዋ መጀመር ቀለለውና ጥጃዋን ሊያበላ ተንበረከከ።

በጋሞ አገር እርጥብ ሳር ይዞ የተንበረከከን ሰው እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ደም የተቃባ እንኳ በዚያ ይታረቃል። ከከብት ጋር ብዙ የኖረው ኦይታ፣ ሳር ለሰውም እንደሚሆን ዘንግቶት ነበር።

እንዝርቱ ከልክነሽ እጅ ወደቀ። «ሻሺቱ፣ ነይ እዪ፤ የበሬው ጌታ እርቅ ሊለምን መጣ።»

ጎረቤቷ ሻሺቱ አምስት ዓመት አጥር ሥር የጠበቀች ይመስል ወዲያው ደረሰች።

«ለጥጃዋ…» ብሎ ጀመረ ኦይታ።

«ዛሬ ይንበረከካል፣ ነገ ይንበረከካል እያልኩ አምስት ዓመት» አለች ልክነሽ። «በታች ያለው መንገድ ለውሃው እንደሚቀርብ እኮ ጥጃዋም ታውቃለች።»

ጥጃዋ አንገቷን ዘርግታ ሳሩን ልትነጥቀው ነው። ኦይታ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ከከብት አፍ ሳር ነጠቀ፤ በሁለት እጁ ወደ ልክነሽ ዘረጋው።

«በሬዬ አጥፍቷል» አለ። «እኔ ደግሞ ከበሬዬ የባሰ አጥፍቻለሁ።»

ሳሩን ተቀበለችው። «ታርቀናል። ተነሣ።»

አልተነሣም።

«ሌላም የሚለምነው አለ መሰለኝ» አለች ሻሺቱ።

ጉልበቱ እምቢ ብሎት ነበር። ግን አጋጣሚው ተመልሶ እንደማይመጣ ገባው። «ዝርዝሩ ነገ ይዘጋል» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ከደበሌ ሸሽተህ ነው የመጣኸው?»

«ለመሸሽማ ሐይቁ ይቀርበኝ ነበር። አዞዎቹ ዝርዝር አይዙም።»

ልክነሽ አልሳቀችም፤ ሳሩን ግን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። «ያ በሬ ዛፌ አጠገብ አይታሰርም።»

«በሌላኛው ጥግ አስረዋለሁ።»

«በል፣ እጅህን ስጠኝ። ሻሺቱ፣ በዚያ በኩል ያዢው፤ ይህ ሰውዬ በራሱ የሚነሣ አይመስለኝም።»

ቅዳሜ አበጋዝ ሁለቱን በአንድ ቤት ጻፋቸው፤ በሪፖርቱም የመንደር ምሥረታው ሥር የሰደደ ጠብ ማስወገዱን በኩራት ገለጸ። ደበሌ አጨበጨበ።

ቤታቸው በአራተኛው መስመር ላይ ተተከለ። ከዛፏ የተቆረጠ የሽፈራው ቅርንጫፍ በአንዱ ጥግ ተተክሎ በቀለ፤ ዳልቻ በሌላው ጥግ ታሰረ። ኦይታ ዛሬም ከብቶቹን ወደ ሐይቁ ይነዳል፤ አሁን ግን በአጭሩ መንገድ ሄዶ ቶሎ ይመለሳል።