አፍሪካን የዞረችው የወረቀት መርከብ

ባለፈው የመስከረም እሑድ እንጦጦ ፓርክ ወጥተን፣ የጓደኛዬ የአበራሽ የልጅ ልጅ ማክዳ ባሕር ላይ ያሉ መርከቦችን በስልኳ ታሳየኝ ነበር። አንዷ ከሆላንድ ተነሥታ ወደ ኢንዶኔዥያ የምትሄድ ናት። በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ትዞራለች።

«ለምን? የስዊዝ ቦይ እያለ?» አልኳት።

«ቀይ ባሕር ላይ ስጋት አለ እኮ እማማ። ብዙዎቹ ዞረው ነው የሚሄዱት።»

ደሜ ፈላ። ከፊታችን አበራሽና ባሏ ሙሉጌታ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ዳገቱን ይወጣሉ።

በልጅነታችን ሦስታችንም ኮተቤ አካባቢ አንድ ክፍል እንማር ነበር። አንድ ዓመት በመስከረም፣ ከትምህርት ቤት ወደ ሰፈራችን ወደ ካራ ስንመለስ መንገዱን ገና የክረምቱ ጭቃ አልለቀቀውም። ሙሉጌታ ከመንገድ ዳር የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ይገዛና ለሁለት ሰብሮ ትልቁን ግማሽ ለእኔ ይሰጠኛል። እኔ ሞኟ የዕድሜ ልክ ቃል ኪዳን አድርጌው ነበር።

በዚያ መስከረም የታሪክ መምህራችን፣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከሆላንድ ወደ ጃቫ ይጓዙ ስለነበሩ የጦር መርከቦች ያስተምሩን ጀመር። እንዳይሰለቸን ብለው ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ ሰቀሉ፤ አንዲት የወረቀት መርከብም ሠሩ። መርከቦቹ በሳምንት የሚጓዙትን ያህል፣ ዓርብ ዓርብ ወደ ፊት ትገፋለች። አበራሽ ከዱቄት የተሠራውን ሙጫ እንድትቀባ፣ ሙሉጌታ እንዲለጥፍ ተመደቡ። እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ።

አይ ማየት! ሙጫው ቀጭን ስለሆነ ቶሎ አይዝም። እስኪይዝ ድረስ ሁለቱም መዳፋቸውን መርከቧ ላይ ጭነው ይቆማሉ። እኔ በቅናት እርር ድብን እላለሁ። ይባስ ብሎ የበቆሎው ግማሽ ወደ አበራሽ ዞረ። መምህሩ ነፋስ ሲጠፋ መርከቦቹ ባሕር መሐል እንደሚቆሙ ሲነግሩን፣ ያዘንኩት ለመርከበኞቹ አልነበረም።

ጉዞው ቶሎ ካላለቀ ልጁን እንደማጣው ገባኝ። ካርታውን ሳየው ሳየው አቋራጭ አገኘሁና እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ ምን አዞራቸው? በቀይ ባሕር፣ በእኛ ደጃፍ ቢያልፉ ቶሎ አይደርሱም?»

ክፍሉ አጨበጨበ። ያኔ ቀይ ባሕር ለሁላችንም ደጃፍ ነበር፤ መርከብ ሁሉ በዚያ የሚያልፍ ይመስለን ነበር። መምህሩ ግን ሳቁ።

«የስዊዝ ቦይ ገና አልተቆፈረም እኮ ልጄ! መርከቧን በአሸዋ ላይ ልትጎትቻት ነው?»

ሙሉጌታ እጁን ከካርታው ሳያነሣ ወደ አበራሽ ዞሮ «እስኪቆፈር ትጠብቃለቻ!» አላት። ሁለቱም ተያይተው ሳቁ። ከክፍሉ ሁሉ ሳቅ እስከ ዛሬ የሚሰማኝ የእነሱ ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? መርከቧ ያለ እኔ አቋራጭ ቀስ ብላ ሄደች። ጃቫ ስትደርስ በቆሎው አልፎ የሽምብራ እሸት ወጥቶ ነበር፤ ሁለቱም ከእኔ ቀድመው፣ እየተሳሳቁ ወደ ቤት ይሄዱ ነበር። ከዓመታት በኋላ ሲጋቡ ሚዜ ሆኜ ጨፈርኩ። እኔም በተራዬ ደግ ባል አገባሁ፤ ነፍሱን ይማረው። ቅናት በዕድሜ ይበርዳል የሚሉ ሰዎች ግን ቀንተው አያውቁም። ይኸው ቦዩም ተቆፍሮ መርከቧ አሁንም ትዞራለች።

ስንመለስ ሙሉጌታ የፓርኩ በር አጠገብ የተጠበሰ በቆሎ ገዛ። ለሁለት ሰበረና ትልቁን ለአበራሽ ሰጣት። እሷም ከድርሻዋ ቆርሳ «እንኪ፣ አንቺ ትወጃለሽ» አለችኝ።

ተቀብዬ በላሁ። እንዴት ይጣፍጥ ነበር! ያበገነኝም እሱ ነው።