ለፍልሰታ የሚሆን የብስክሌት አገር

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ራስል የአውሮፓ ካርታና እርሳስ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ስሙን ሰምተህ የምታውቀውን ከተማ ሁሉ ሰርዝ» አለኝ። የብስክሌት ጉዞ የምታዘጋጀው ቢሯችን አሌክሳንድሪያ፣ ኦልድ ታውን ውስጥ ከአንድ ጫማ መደብር በላይ ያለች ሁለት ክፍል ነበረች። እኔ ከሲልቨር ስፕሪንግ በሬድ ላይን ተነስቼ፣ መሀል ከተማ ባቡር ቀይሬ፣ ክራቫት አስሬ ደረስኩ። ክራቫት ያሰርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

መሰረዝ ጀመርኩ። እንግሊዝን ጨረስኩ፣ ጀርመንን፣ ስፔንን፣ ጣሊያንንም ከሞላ ጎደል ጨረስኩ። ራስል ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና «ይህን ሁሉ ዞረሃል?» አለኝ።

«አልዞርኩም። ኳስ አያለሁ» አልኩት። የእግር ኳስ ክለብ ያለውን ከተማ በሙሉ ነበር የሰረዝኩት።

ሳቀና ያልተነካውን ባዶ ቦታ በጣቱ አሳየኝ። «ሥራችን እዚህ ነው። የታወቀውን አገር ሰው ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። ወደ እኛ የሚመጣው ሌላው ሲያስፈልገው ነው» አለኝ። ያንን ካርታ እስካሁን ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ከዚያ በፊት አዳምስ ሞርጋን አንድ ብስክሌት ጥገና ቤት ጎማ እለጥፍ፣ ሰንሰለት እቀይር፣ ፍሬን አስተካክል ነበር። ራስል የቀጠረኝ፣ ሰው በበር ሲገባ አይቼ ምን ያህል ቁመት ያለው ብስክሌት እንደሚሆነው ስለምናገር ነው። ማደሪያ በሚይዘው ቡኪንግ ክፍል በረዳትነት ገባሁ፤ ቆይቼ ሩት ፕላነር፣ ማለትም መንገድ ነዳፊ፣ ሆንኩ፤ ዛሬ የፕላነሮቹ ኃላፊ ነኝ።

የሩት ፕላነር ሥራ ከውጭ ሲያዩት ሽርሽር ይመስላል። ደንበኛው ብስክሌት እየነዳሁ ዕረፍቴን ላሳልፍ ይላል። እኛ መንገዱን ኮምፒውተር ላይ እንስላለን፣ የዳገቱን ልክ እናያለን፣ አስፋልት ይሁን ኮረኮንች እናጣራለን፣ ሻንጣ ከማደሪያ ማደሪያ የሚያደርስ ቫን እንፈልጋለን። ከዚያ ወደየማደሪያው እንደውላለን። ራስል ያስተማረኝ ሦስት ጥያቄ ነበር፦ ብስክሌቱ የት ይቆለፋል? እርጥብ ጫማ የት ይደርቃል? ቁርስ በስንት ሰዓት ይቀርባል? በኢሜይል መጠየቅ አይፈቅድም። «ሰው ሲያመነታ በድምፁ ነው የሚታወቀው» ይላል።

እትዬ ስንዱ ወደ ቢሯችን የመጡት ሩት ፕላነር ሆኜ ጥቂት እንደሠራሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሄልሜታቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ስልሳን ተሻግረዋል፤ ስካይላይን የሚባለው ሰፈር ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ይኖራሉ፤ ብስክሌታቸውን በረንዳ ላይ ያሳድራሉ፤ የተማሪ ባስ ይነዳሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደሳቸው ባስ ከሚነዱ አበሾች ጋር ወንዙን ይዘው እስከ ማውንት ቨርነን ይነዳሉ። አብረዋቸው አቶ ታደለ የሚባሉ የሥራ ባልደረባቸው መጥተዋል።

«ዳዊት የሚሉህ አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ፣ ይቀመጡ።»

«ከመቀመጤ በፊት ልንገርህ። የምንሄደው ፍልሰታን ነው። ግሩፑ ውስጥ ደግሞ የማይጾም የለም።»

«ጁላይ ላይ ብናደርገውስ?»

«ሳመር ስኩል አለ፣ ባሱ ላይ ነን። ኦገስት መጨረሻ ደግሞ ትሬኒንግ ይጠሩናል። ያለችን እቺው ናት።»

ባለፈው ዓመት ሌላ ወኪል ወደ አንድ ስመ ጥር የተራራ አገር ልኳቸው ነበር። የሚቀርበው ሁሉ ወተትና ቺዝ ሆነባቸው። «ቺዝ ያልነካው ድንጋዩን ብቻ ነው» አሉ አቶ ታደለ። በዳቦና በፖም ዳገት ሲወጡ ጉልበታቸው ከዳቸውና ከብስክሌታቸው ወደቁ። ከዚያ ግማሹ በቃ እንብላ አለ፣ ግማሹ ምን ሲባል አለ። ተኳርፈው ተመለሱ፤ በአውሮፕላኑም ተራርቀው ተቀመጡ፤ ሁለቱማ እስካሁን አይነጋገሩም።

እትዬ ስንዱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዘንድሮም እንዲሁ ከሆነ ግሩፑ አበቃለት። እኔ ጡረታ ልወጣ ነው። ልጆቼ ካሊፎርኒያ ናቸው። ከነዚህ ሰዎች ሌላ ቅዳሜዬን የማሳልፍበት የለኝም።»

ይህን ሲሉኝ እልህ ያዘኝ። እነዚህን ሰዎች ጠግበው እየጾሙ ብስክሌት የሚነዱበት አገር ሳላገኝ አልተኛም አልኩ።

ራስል ቀላሉን መንገድ አሳየኝ። «ቪጋን ሬስቶራንት የሞላበት ትልቅ ከተማ ላካቸው» አለ። ግን ሥጋና ወተት የማይነካው ቪጋን ሬስቶራንት ያለው ከተማ ውስጥ ነው፤ ብስክሌተኛ የሚያድረው ገጠር ነው። ካርታዬ ላይ ያልሰረዝኩትን እያየሁ ሰነበትኩና ሰሜን ሮማኒያ፣ ቡኮቪና ላይ ቆምኩ። ኦርቶዶክስ የሆነ የገበሬ አገር ነው፤ ገዳም የሞላበት፣ ኮረብታው የማያስፈራ። «እዚያ ቫን የለንም፣ ማንም ጠይቆን አያውቅም» አለ ራስል። «የመጀመሪያ ቀን ጣትህን ያሳረፍክበት እኮ ነው» አልኩት። ሳቀና ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ሳቁን እሺ ብዬ ወሰድኩት።

ዶይና የምትባል የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ጋ ደወልኩ። እንግሊዝኛ ትችላለች። ጾመኞች መሆናቸውን ነገርኳትና ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል እያልኩ መዘርዘር ስጀምር አቋረጠችኝ። «ጾም ልታስተምረኝ ነው የደወልከው?» አለችኝ። በሩዝና በእንጉዳይ የተሞላ ጥቅል ጎመን፣ በዘይትና በሽንኩርት የተፈጨ ባቄላ፣ የበቆሎ ገንፎ አለችኝ። እየሰማኋት ራበኝ። ሌሎቹን ማደሪያዎችም በሷ ምክር ያዝኩ።

መሄጃቸው ሲቃረብ ዶይና ራሷ ደወለች። «ከበዓሉ በኋላ ላሉት ቀናት በግ ይሻላቸዋል ዶሮ?»

«የምን በዓል?»

«የእመቤታችን ነዋ። ያኔ እኮ ጾሙ ተፈቷል።»

ካላንደሬን ከፈትኩ። የእነሱ ጾም ከእኛ ሳምንት ያህል ቀድሞ ይገባል፣ ቀድሞም ይፈታል። እኔም እትዬ ስንዱም ኦርቶዶክስ ከተባለ ፍልሰታም በአንድ ቀን ገብቶ በአንድ ቀን ይፈታል ብለን፣ አንዳችንም ሳንጠይቅ አልፈነዋል። የገናን ቀን እንኳ ከጎረቤት ለይተን የምናከብር ሰዎች ይህን እንዴት እንዳላሰብነው አሁንም ይገርመኛል።

ዶይና «የእኔን ቤት ተወው፣ እሠራላቸዋለሁ» አለች። ችግሩ ሌሎቹ ናቸው። ጾሙ እንደተፈታ ያ አገር ሠርግ ይጀምራል። የመጀመሪያው ባለ ማደሪያ «ወጥ ቤቴ በሙሉ ለሠርግ ተይዟል፣ ለብቻ አላበስልም» አለኝ። ሁለተኛውም ያንኑ አለ። ሦስተኛው እሺ አለ፤ ግን ድምፁ እሺ አላለም።

«ካንስል አድርግና ገንዘባቸውን መልስላቸው» አለ ራስል። ከክፋት አልነበረም፤ ደንበኛ ተርቦ ከሚመለስ ቀርቶበት ቢናደድ ይሻላል ብሎ ነው። እኔ ግን የሴትዮዋ ቅዳሜ ዓይኔ ላይ ነበር። ለእትዬ ስንዱ ኮል አደረግሁና ሁሉንም ሳልሸሽግ ነገርኳቸው።

እስክጨርስ ሰሙኝ። «እዚያ አገር ሠርግ የሌለበት ሰፈር የለም?» አሉ በመጨረሻ።

ጥያቄውን እንዳለ ለዶይና አቀበልኳት። «ከተራራው ማዶ የድሮውን ካላንደር ያልለቀቁ መንደሮች አሉ። የእነሱ ጾም የእኛ ሲፈታ ነው የሚገባው» አለችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ከወንበሬ ተነሳሁ።

መንገዱን እንደገና ሳልኩት። የዳገቱ መስመር ኮምፒውተሩ ላይ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ራስል አየና ራሱን ነቀነቀ። «በዚህ ዕድሜ ይህን አይወጡትም» አለ። ያለውን ለእትዬ ስንዱ አልደበቅኋቸውም።

«በለው፣ ዊንተሩን ሙሉ የፓርኪንግ ጋራዥ ራምፕ ስንወጣ የከረምነው ለጌጥ ነው? ለዳገት ብዬ ጾሜን አልሽርም። ለጾሜ ብዬ ዳገት ብወጣ ግን ምን እሆናለሁ?» አሉኝ።

መንደሮቹ ውስጥ ማስታወቂያ ያለው ማደሪያ አልነበረም። የዶይና ወንድም በፒክአፑ በር ለበር እየዞረ ክፍል ጠየቀልኝ። በየቤቱ ሲደርስ ስልኩን ለባለቤቶቹ ይሰጣቸዋል፤ እሱ እያስተረጎመ ጥያቄዬን እጠይቃለሁ። ያመነታውን ድምፅ ሁሉ ተውኩት። የቀሩት ቤቶች በቂ ሆኑ። ፒክአፑም የሻንጣ ቫናችን ሆነ።

እነሱ ሲሄዱ እኔ ቢሮ ቀረሁ፤ የፕላነር ዕጣው ነው። ዳገቱን የሚወጡበት ዕለት ሥራ አልሠራሁም። ስልኬን እያየሁ ኪንግ ስትሪትን ወርጄ ወጣሁ። አመሻሽ ላይ አንድ ፎቶ መጣ። አቶ ታደለ ሁለት እጃቸውን ትልቅ ሳህን ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል፣ ሳህኑ ተበልቶ ባዶ ሆኗል። ደስታዬን የማካፍለው ሰው አጥቼ ለራስል አሳየሁት።

እትዬ ስንዱ ሲመለሱ መጥተው ተቀመጡ። ዳገቱን ግማሹን ነድተው፣ ግማሹን ብስክሌቱን እየገፉ ወጥተውታል። «ማዶ ስንደርስ ባለቤትየዋ ትጾማላችሁ ወይ አለችን። አዎ አልናት። ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም አልጠየቀን፤ እነሱ የሚበሉትን በላን» አሉኝ።

የመጨረሻዋን ሌሊት ለአውሮፕላን እንዲቀርባቸው ዶይና ቤት ነበር ያደሩት። የሷ ጾም ከተፈታ ሰንብቷል። ገበታውን የጾም አድርጋ አቀረበች፤ ራሷም ከነባሏ አብራቸው ያንኑ በላች። አቶ ታደለ ለናንተ እንኳ ተፈቷል፣ ብሉ እንጂ ቢሏት «እንግዶቼ እየጾሙ?» አለቻቸው።

«ከዚያ» አሉ እትዬ ስንዱ፣ «ዓመቱን ሙሉ የተኳረፉት ሁለቱ ዕቃውን አብረው አጠቡ።» ይህን ሲሉ ዓይናቸው እንባ ሞላ። የእኔም ሞላ።

እትዬ ስንዱ ጡረታ ወጥተዋል። ቅዳሜ ጠዋት ግሩፑ በኦልድ ታውን ሲያልፍ ከመስኮታችን ሥር ደወላቸውን ይደውላሉ። እጄን አውጥቼ ሰላም እላቸዋለሁ።

አዲስ ፕላነር ሲመጣ ራስል አሁንም ካርታና እርሳስ ይሰጠዋል። ሦስቱን ጥያቄ ያስተምረውና ለአራተኛውና ለአምስተኛው ወደ እኔ ይልከዋል። እኔም መንገዱን ከመሳልህ በፊት የሚሄዱት ሰዎች ያን ሳምንት ምን እንደማይበሉ ጠይቅ እለዋለሁ። ቀጥለህ ያ አገር መቼ እንደሚጾምና መቼ እንደሚደግስ ጠይቅ እለዋለሁ። የሚበሉትን ካገኙ ዳገቱን ይወጡታል።